ሁለት ባለ 72 ባትሪዎች፣ አንድ ቻርጀር፦ የሽሮ ሜዳው ብስክሌት ጉዳይ

የኤሌክትሪክ ብስክሌቱ አራት ኪሎ ወዳለው የጥገና ክፍሌ የገባው በእጅ እየተገፋ ነበር። ኅዳር ወር፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ። ባለቤቱ ዕቃ በማድረስ የሚተዳደር የሽሮ ሜዳ ልጅ ነው። ቀኑን ሙሉ ከቦሌ ፒያሳ፣ ከፒያሳ መገናኛ ሲመላለስ ውሎ ወደ ቤቱ ሲወጣ፣ ከስድስት ኪሎ በላይ ያለው ዳገት ላይ ሞተሩ ቀጥ ብሎበት ወደ አራት ኪሎ ተመለሰ።

“ጋሼ፣ ባትሪው ሙሉ ነው ይላል” አለኝ መሪው ላይ ያለውን መለኪያ እያሳየኝ። እውነትም ሙሉ ይላል። “ዳገት ላይ ግን ይጠፋል። ቁልፉን ዘግቼ ስከፍተው ይነሳል፤ ትንሽ ሄዶ እንደገና ይጠፋል። ድሮ አንዴ ሞልቼው ስድሳ ኪሎ ሜትር እሠራበት ነበር፤ አሁን አርባም አይደርስ።” ከዚያ እንደ ትንሽ ነገር አድርጎ አንድ ቃል ጨመረ፦ “ጠዋት ቁልቁለቱን ስወርድም ፍሬኑ አንዳንዴ ይለቀኛል።”

የመጨረሻዋን ቃል አልሰማሁለትም። የፍሬን ጫማ ያለቀ መስሎኝ “እሱን መካኒክ ያይልሃል” ብዬ አለፍኩት። ዋናው ፍንጭ እርሷ ውስጥ እንደነበረ የገባኝ ከቀናት በኋላ ነው፤ በዚያ መካከል ልጁ ያን ቁልቁለት አንድ ጊዜ እንኳ ወርዶት ቢሆን ኖሮ ለራሴ የምሰጠው ምክንያት አይኖረኝም ነበር። ደግነቱ ብስክሌቱ እኔ ዘንድ ቀርቷል።

መጀመሪያ የዕቃውን ታሪክ ላስቀምጥ። ብስክሌቱ ሲገዛ ከመቀመጫው ሥር ስድስት ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪዎች ነበሩት፤ ስድስቱ በተከታታይ ተያይዘው 72 ቮልት ይሰጣሉ። ሞተሩ የኋላ ጎማው መሃል ላይ የተገጠመ ነው፤ ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር እስከ 40 አምፔር ይስባል። ይህ ማለት ዳገት ላይ ከባትሪው የሚወጣው ኃይል ወደ 3,000 ዋት ይጠጋል ማለት ነው፤ በፔዳል የሚታገዝ ተራ ብስክሌት ከሚጠቀምበት ብዙ እጥፍ ነው። የእርሳስ ባትሪዎቹ ሲደክሙ፣ ከስምንት ወር በፊት፣ በአንድ ሱቅ ሊቲየም አስገባ። 240 ሴሎች፣ ማለትም ትንንሽ ባትሪዎች፦ 20 ረድፍ በተከታታይ፣ በየረድፉ 12 ሴል ጎን ለጎን፣ በጠቅላላው 30 አምፔር ሰዓት። ሳጥኑ ያው ሳጥን፣ ሽቦው ያው ሽቦ ሆኖ ቀረ። ሻጩ ስለ ቻርጀሩ ሲጠየቅ “የነበረው ይሠራል፤ ያም 72 ነው፣ ይህም 72 ነው” አለው።

ችግሩ ሁሉ የተወለደው ከዚያች ዓረፍተ ነገር ነው። 72 የባትሪ ስም ነው፤ ልኩ አይደለም። የባትሪ ልክ ሁለት ቁጥር ነው፦ ሲሞላ የት ላይ እንደሚቆምና ሲያልቅ የት ላይ መቆም እንዳለበት። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች የሚወስኑት ደግሞ የሴሉ ዓይነትና በተከታታይ የተያያዙት ሴሎች ብዛት ናቸው።

የዚያን ምሽት ቴስተሬን ይዤ ሳጥኑን ከፈትኩ። ባትሪው ምንም ሳይጫንበት 76.4 ቮልት አለው። የመሪው መለኪያ ለምን ሙሉ እንደሚል ወዲያው ተገለጠልኝ። መለኪያው የተሠራው ለእርሳስ ነው፤ ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.7 ቮልት ገደማ ይሆናል፣ ስድስቱ ሲደመሩ 76.2። ለዚህ ሊቲየም ግን 76 ቮልት ማለት አቅሙ ወደ ግማሽ እየተጠጋ ነው ማለት ነው። ልጁ ስምንት ወር ሙሉ ግማሽ ባትሪ ይዞ “ሙሉ ነኝ” እያለ ነበር የሚጓዘው።

ቀጥዬ ረድፎቹን አንድ በአንድ ለካሁ። ቢኤምኤስ የሚባለው የባትሪ ጠባቂ ሰሌዳ ከየረድፉ የሚነሱ ቀጫጭን ሽቦዎች ስላሉት መሰኪያው ላይ ሆኖ ሁሉንም መለካት ይቻላል። አሥራ ዘጠኙ ረድፎች 3.84 አካባቢ ናቸው። ሰባተኛው 3.42። ድምሩን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን መቼም አያገኘውም፤ 0.4 ቮልት በ76 ውስጥ ተውጦ ይቀራል።

ከዚያ የኋላውን ጎማ በፍሬን ይዤ ሞተሩን 35 አምፔር እስኪስብ ጫንኩበት። አሥራ ዘጠኙ ወደ 3.60 ዝቅ ብለው ቆሙ። ሰባተኛው ግን እንደ ድንጋይ ወረደ፤ 2.75 ሲደርስ ሁሉም ነገር ጠፋ። በዚያች ቅጽበት የባትሪው ጠቅላላ ቮልቴጅ 71 ነበር። ኮንትሮለሩ የተስተካከለው በ63 ቮልት እንዲያቆም ነው፣ ለእርሳስ በሚሠራው ስሌት፣ 10.5 ሲባዛ በስድስት። ስለዚህ በእርሱ ዓይን ገና ብዙ አለ፤ እየሳበ ነው። ያቋረጠው ቢኤምኤሱ ነው፤ አንድ ረድፍ ከ2.8 በታች ሲወርድበት መስመሩን ዘጋ። ጭነቱ ሲነሳ ሰባተኛው ረድፍ ትንሽ ያገግማል፣ ቢኤምኤሱ ይከፍታል፣ ልጁ ቁልፉን ሲመልስ ብስክሌቱ ይነሳል፣ ዳገቱ እንደገና ይጥለዋል።

በአንድ ገመድ የተሳሰሩ የጭነት በቅሎዎችን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንዷ ስትወድቅ የቀሩት ጉልበት ቢኖራቸውም ጉዞው አይቀጥልም።

ታዲያ ሰባተኛው ረድፍ ለምን ወደቀ? ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ሲሞላ ተከታተልኩት። ቻርጀሩን ከባትሪው ነጥዬ ስለካው 88.3 ቮልት ያወጣል። ለስድስት የእርሳስ ባትሪዎች ትክክለኛ ቁጥር ነው፤ 14.7 ሲባዛ በስድስት 88.2 ነውና። ይህን ለ20 ሴል ስናካፍለው ግን ለእያንዳንዱ 4.41 ቮልት ይደርሰዋል። የዚህ ዓይነት ሴል፣ ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለው ሊቲየም፣ ጣሪያው 4.20 ነው። ሃያው ሲደመር 84 ቮልት። ቻርጀሩ ከጣሪያው በላይ አራት ቮልት ያህል እየገፋ ነበር።

በጤናማ አሞላል ባትሪው ወደ 84 ሲጠጋ ቻርጀሩ ቮልቴጁን እዚያው ይዞ፣ አምፔሩ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ከአምስት ወደ ሦስት፣ ወደ አንድ፣ ወደ ኢምንት። ያ የመጨረሻው ዝግታ ትርፍ ጊዜ አይደለም። ቢኤምኤሱ ቀድመው የሞሉትን ረድፎች በትንሽ በትንሹ እያፈሰሰ ወደ ኋላ የቀሩትን የሚያስጠብቅላቸው ያን ጊዜ ነው፤ ብዙዎቹ ሰሌዳዎች ይህን የሚሠሩት ሙላቱ ጫፍ ላይ፣ ከአንድ አምፔር እጅግ ባነሰ ፍሰት ስለሆነ ሰዓታት ይፈልጋሉ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። አምፔሩ እስከ መጨረሻው አምስት ላይ ቆየ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን አንዱ ረድፍ 4.25 ነካና ቢኤምኤሱ በሩን ዘጋው፤ አምስት የነበረው ባንድ ጊዜ ዜሮ ሆነ። የቻርጀሩ መብራት አረንጓዴ በራ። ሰባተኛው ረድፍ በዚያች ሰዓት ገና 3.96 ላይ ነበር።

ስምንት ወር ሙሉ በየሌሊቱ የሆነው ይህ ነው። አሥራ ዘጠኙ ከልካቸው በላይ ይሞላሉ፣ አንዱ ተርቦ ያድራል፣ የማስተካከያው ሰዓት ግን አይመጣም። አረንጓዴው መብራትም ከጠባቂው መዝጋት የመጣ እንጂ የሙላት ምልክት አልነበረም። ቢኤምኤስ የግቢ ዘበኛ ነው፤ ሌባ በየሌሊቱ የሚገጥመው ዘበኛ አንድ ሌሊት ይደክመዋል። በዚያች ሰሌዳ ላይ ካሉት መቆጣጠሪያዎች አንዱ ተቃጥሎ ተከፍቶ ቢቀር፣ በ88 ቮልቱ ቻርጀርና በ240ው ሴል መካከል የሚቆም አንድም ነገር አልነበረም።

በማግሥቱ ይህን ስነግረው ልጁ አላመነኝም፤ ምክንያቱም ነበረው። “ጓደኛዬ እኮ ልክ እንደ እኔ ከእርሳስ ወደ ሊቲየም ነው የቀየረው። ያው 72 ነው። በዚሁ ዓይነት ቻርጀር ሁለት ዓመት ሞላበት፤ ምንም አልሆነም።” ብስክሌቱን ይዞ እንዲመጣ ለመንኩት፤ መጡ። የጓደኛውን ባትሪ ሽፋን ገልጬ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን አነበብኩ፦ ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ 24 ሴል፣ 76.8 ቮልት። የዚህ ዓይነት ሴል ሲሞላ 3.65 ነው፤ ሃያ አራቱ 87.6 ይሆናሉ። ከእርሳስ ቻርጀሩ ጋር ያለው ልዩነት ግማሽ ቮልት ያህል ነው። ገበያው ሁለቱንም “72 ሊቲየም” ብሎ ይሸጣል፤ አንዱ በዚያ ቻርጀር ሊኖር ይችላል፣ ሌላው ይሞታል። ሁለቱ ጓደኛሞች አንዳቸው የሌላቸውን ባትሪ ተያዩና ዝም አሉ። እኔ ለጓደኛውም ቢሆን ትክክለኛውን ቻርጀር እንዲገዛ መክሬዋለሁ፤ ምክንያቱም የእርሳስ ቻርጀር ከሞላ በኋላም ቢሆን ቮልቴጅ ማቅረቡን አያቆምም፣ ሊቲየም ደግሞ እስከ አፉ ሞልቶ መሰንበትን አይወድም።

የቀረው ጥያቄ ሰባተኛው ረድፍ የተራበ ብቻ ነው ወይስ የታመመ የሚል ነበር። ሁለቱ ሲለኩ ይመሳሰላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ፈጽሞ ይለያያል። ረድፉን ለብቻው በጠረጴዛ ኃይል አቅራቢ እስከ 4.18 ሞልቼ፣ ሁሉንም ነቅዬ ሦስት ቀን አስቀመጥኩት። የተራበ ብቻ ቢሆን ባለበት ይቆይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሌሎቹ በ0.01 ያህል ብቻ ሲቀንሱ ሰባተኛው 4.05 ላይ ተገኘ። ከአሥራ ሁለቱ ሴሎች ቢያንስ አንዱ ከውስጥ እየፈሰሰ ነው። ማስተካከል ብቻውን አያድነውም።

ያን ቁጥር እየጻፍኩ ሳለ ነው የፍሬኑ ነገር ትዝ ያለኝ።

ልጁ የሚኖረው ከላይ ነው። ሌሊቱን ከልኩ በላይ ሞልቶ ያድራል፤ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራው ቁልቁለት መውረድ ነው። ይህ ብስክሌት ደግሞ በሞተሩ የሚይዝ ፍሬን አለው፤ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ሙሉ ባትሪ ግን የሚመለስለትን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ብዛቱ ትንሽ ነው፤ ሰውና ብስክሌት አንድ ላይ 150 ኪሎ ግራም ሆነው 200 ሜትር ከፍታ ቢወርዱ ጠቅላላው ኃይል 80 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ ከባትሪው አቅም ከሃያ አምስት እጁ አንዱም አይሞላም፤ ከዚያም ባትሪው ጋ የሚደርሰው ከፊሉ ነው። ነገር ግን ረድፎቹ ከ4.2 በላይ ሆነው ሲጠብቁ ጥቂት አምፔር ብቻ ቢገፋባቸው 4.25ን ይነካሉ። ቢኤምኤሱ በሩን ይዘጋል። ሞተሩ የሚያመነጨው ኃይል መሄጃ ሲያጣ የሚይዘው ጉልበት አብሮ ይጠፋል፤ ኮንትሮለሩ ላይ ያለው ቮልቴጅም በቅጽበት ይዘልላል። ጋላቢው የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቁልቁለት መሃል፣ በጠዋቱ የትምህርት ቤት ተማሪና የታክሲ ግርግር ውስጥ፣ ፍሬኑ ይለቀዋል።

ስልክ ደውዬ “ስለ ፍሬኑ የነገርከኝን ድገምልኝ” አልኩት። “ሁልጊዜ ጠዋት ነው፣ ማታ ሆኖ አያውቅም” አለኝ። አዲስ ጥያቄ አላስፈለገኝም። ከባድ አቅም ያለው ኤሌክትሪክ ብስክሌት ይዞ ከእንጦጦ ግርጌም ሆነ ከማንኛውም ዳገት ራስ ላይ የሚኖር ሰው ይህን አንድ አንቀጽ ቢያስታውስልኝ የቀረውን ሁሉ ቢረሳውም አይቆጨኝም።

ጥገናው ላይ ብዙ አልቆይም። ሰባተኛውን ረድፍ ሙሉ በሙሉ አውጥቼ በተመሳሳይ ሞዴል አዳዲስ 12 ሴሎች ተካሁት። አዲስ ረድፍ ከአሮጌዎቹ በአቅም በልጦ መገኘቱ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ማነሱ ነው። ልጁ ወጪውን ለመቀነስ ከአሮጌ ላፕቶፕ የተነቀሉ ሴሎች እንድጠቀም ጠይቆኝ ነበር። እምቢ አልኩት፤ ለ3,000 ዋት ዳገት የተሠሩ አይደሉም፣ ታሪካቸውም አይታወቅም። በምትኩ የጉልበት ዋጋዬን በሦስት ወር እንዲከፍለኝ ተስማማን። ቢኤምኤሱንም ከስልክ ጋር በብሉቱዝ በሚገናኝ ቀየርነው፤ ከእንግዲህ ሃያውንም ረድፍ ራሱ ያያል።

ቅንብሩ ላይ ግን መቆየት እፈልጋለሁ፤ ሦስቱ ዕቃዎች፣ ቻርጀሩ፣ ቢኤምኤሱና ኮንትሮለሩ፣ በአንድ ቋንቋ መነጋገር ያለባቸው እዚህ ላይ ነው። መርሁ፣ በየቀኑ ሥራውን የሚሠሩት ቻርጀሩና ኮንትሮለሩ ይሁኑ፣ ቢኤምኤሱ ከእነርሱ ውጭ ቆሞ ይጠብቅ የሚል ነው። ቻርጀሩ ቮልቴጁ የሚስተካከል ሆኖ ተገዛ፤ ለዕለት ተዕለት 82 ቮልት፣ ማለትም ለሴል 4.10፣ ላይ አደረግነው። ይህ ከአቅሙ አንድ አሥረኛ ያህል ያስቀራል፤ በምላሹ የሴሎቹን ዕድሜ በእጅጉ ያረዝማል፣ ለጠዋቱ ቁልቁለትም ቦታ ይተዋል። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ ቤት በሚውልበት ቀን፣ እስከ 84 ይሞላና አምፔሩ እስኪሞት ይጠብቃል፤ የማስተካከያው ቀን ያ ነው። ቢኤምኤሱ ከላይ በ4.25፣ ከታች በ2.8 ይዘጋል፤ ሥራ እንዲፈታ እንጂ እንዲሠራ አንፈልግም። ኮንትሮለሩን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ የታችኛውን ወሰን ከ63 ወደ 66 አሳደግኩት፤ ለሴል 3.3 ማለት ነው፣ እዚያ ሲጠጋም ኃይሉን ቀስ እያለ እንዲቀንስ እንጂ ባንዴ እንዳይቆርጥ። የሚስበውን ከ40 ወደ 32 አምፔር አወረድኩት። ዳገቱን በዝግታ ይወጣል፤ ግን ይወጣል። የሞተር ፍሬኑን ኃይል በግማሽ ቀንሼ ከ83 ቮልት በላይ እንዳይሠራ አደረግኩ፤ የእጅ ፍሬኑን ጫማዎችም አስቀየርኩ፤ በቁልቁለት ሕይወት የሚንጠለጠለው በእነርሱ ላይ ነውና።

አሳሳቹን መለኪያ አንስተን በቁጥር የሚያሳይ ቮልት መለኪያ ተከልን። ልጁ ሦስት ቁጥሮች በቃሉ ያዘ፦ 82 ጠዋት፣ 74 ግማሽ ገደማ፣ 70 ወደ ቤት። ብስክሌቱ ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ 75 አካባቢ ላይ ትቶት እንዲሄድ፣ ሙሉም ባዶም እንዳይሆን ነግሬዋለሁ።

ያላለቀ ነገር ነበር። ብስክሌቱን ሳደርስለት ቤቱን አየሁት። አንድ ክፍል፣ አንድ በር። እናቱና ሁለት ታናናሾቹ የሚተኙት ከውስጥ፤ ብስክሌቱ የሚሞላው በሩ ሥር፣ ሌሊቱን ሙሉ። ሊቲየም ሴል ሲቃጠል አንዱ ሌላውን እያቀጣጠለ የሚሄድ፣ መርዛማ ጭስ የሚተፋ፣ የጠፋ መስሎ የሚነሳ እሳት ነው። በኒው ዮርክ፣ ከዕቃ አድራሾች ብዛት የተነሳ ይህ አደጋ ተደጋግሞ በታየበት ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በሊቲየም ባትሪ እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል፤ በዚያው ዓመት በከተማዋ የሚሸጡ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶችና ባትሪዎች የደኅንነት ማረጋገጫ እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ሕግ በሥራ ላይ ዋለ። ከመውጫ በር ፊት የሚሞላ ባትሪ የሚያመጣው መከራ የመጀመሪያው ይህ ነው፦ እሳቱ መውጫውን ራሱን ይይዘዋል።

“እትዬ፣ ይህ ዕቃ እዚህ ሊያድር አይገባም” አልኳቸው። እርሳቸው እኔ ከምናገረው በላይ ቀድመው ገብቷቸው ነበር። “እኔማ ሽታው አስጠልቶኛል ስለው፣ ባትሪ አይሸትም ይለኛል” አሉኝ። ባትሪ ሲሸት ሊሰማ የሚገባው ድምፅ እንደ እርሳቸው ያለ ነው። በዚያው ቀን ከአከራያቸው ጋር ተነጋግረው በግቢው ጥግ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ከግድግዳ ራቅ ያለ የሲሚንቶ ቦታ አገኙ። መሙያው ሰዓትም ተቀየረ፤ ማታ ከሥራ እንደገባ ይሰካል፣ ከመተኛቱ በፊት ይነቀላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረው የቮልቴጅ መናወጥ ቻርጀሮችን ስለሚያቃጥል፣ መብራት ሲጠፋ ወዲያው እንዲነቅል፣ ከተመለሰም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ እንዲሰካ አስጠነቀቅሁት። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ መሥሪያ ቤት ነጻ ስልክ 939 መሆኑን እናቱ በከሰል ግድግዳው ላይ ጻፉት።

መጋቢት ላይ ለቁጥጥር መጣ። በአንድ ሙላት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ዳገቱ ላይ አንድም ጊዜ አልጠፋበትም፣ ፍሬኑም አልለቀቀውም። ስልኩን ከፍተን ረድፎቹን አየን። አዲሱ ሰባተኛ ከሌሎቹ ጋር በ0.01 ቮልት ይለያያል። አሥራ ሁለተኛው ግን ጭነት ላይ ከቀሩት 0.04 ዝቅ ማለት ጀምሯል፤ የስምንቱ ወር ጠባሳ ሳይሆን አይቀርም። እንዳይደናገጥ ነገርኩት፤ በየሳምንቱ ቁጥሩን እየጻፈ እንዲይዝ ደብተር ሰጥቼው፣ ክረምቱ ሳይገባ ግንቦት ላይ እንዲመለስ ቀጠርኩት።